በእንተ ቅድሚያ

በአገራችን ቀኝ ከግራ እንደሚከበር ለማስረዳት ብዙ መጽሐፍ መግለጥ አያሻም። ቀኝ አዝማች ከግራ አዝማች በማዕረግ እንደሚበልጥ፣ በማኅሌቱም ቀኝ ጌታ ከግራ ጌታ በላይ እንደሚቆጠር፣ በዕለተ ምጽአትም በጎቹ በየትኛው ወገን ፍየሎቹ በየትኛው ወገን እንደሚቆሙ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ ያደገ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ወደ ጅግጅጋ የወረደ ሰው ደግሞ ያው ሥርዓት በሌላው ሃይማኖት ዘንድ ጸንቶ ይቆየዋል፤ ምንጣፍ ላይ ለተቀመጠው ጉባኤ ሻይ በተቀዳ ጊዜ ብርጭቆው ከነቢዩ ሱና በተወረሰው ልማድ ወደ ቀኝ ይዞራል እንጂ፣ በግራ የተቀመጠው ሰው ሹምም ቢሆን ባለጠጋም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል። እንግዲህ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና ተሰብስበው፣ በቀኝ በሚነዳበት አገር፣ መብራትም ምልክትም ፖሊስም በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ እያንዳንዱ አሽከርካሪ ከቀኙ ለሚመጣው ይልቀቅ ብለው በውል በጻፉ ጊዜ፣ ይህን ቃል ያለ ክርክር ሊቀበል የሚገባው ሕዝብ ቢኖር ካህኑም ሼኩም ቀኝን ሲያስከብሩለት የኖሩት የኛው ሕዝብ ነበር። ነገር ግን ከጅግጅጋ መስቀለኛ መንገዶች በአንዱ ማዕዘን ካለ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ጥቂት የተቀመጠ ሰው፣ ቀኝ የሚባለው ወገን ክብሩን ሁሉ ምንጣፉ ላይ ትቶት እንደ ወጣ ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከከተማይቱ አመሠራረት መጀመር ይገባል። ጅግጅጋ አስቀድማ የቅፍለት ማረፊያ ነበረች፤ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚሻገር ነጋዴ ግመሉን የሚያሳርፍባት ቦታ መሆኗን ባርከር የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1842 ጽፏል፤ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ በ1893፣ ስዌይን የተባለው አዳኝ መኮንን ሲያልፍባት ያገኘው ከውሃ ጉድጓዶች አጠገብ የቆመ አንድ ምሽግና 25 ወታደሮች ነበር። በውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ደግሞ ከመቶ ግመል ጋር የመጣ ሰውና ከመቶ ግመል ጋር የመጣ ሌላ ሰው በተገናኙ ጊዜ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ የሚወስን ሥርዓት ከሌለ በዚያ የሚፈሰው ውሃ ብቻ አይሆንም፤ ስለዚህም በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ሔር የሚባለው ያልተጻፈ ሕግ ስለ ግጦሽና ስለ ውሃ ጠንቅቆ የሚናገር ሆኖ፣ ሽማግሎች በግራር ጥላ ሥር እየተቀመጡ ሲያጸኑት ኖረዋል። እንግዲህ የጅግጅጋ ሰው ስለ ቅድሚያ የሚያውቀው ነገር የለም የሚል ቢኖር ታሪክ የማያውቅ ነው። ቅድሚያን ያወቀው አውቶሞቢል ከመፈጠሩ በፊት ነው፤ ችግሩም ምናልባት ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን የጉድጓድ ሰፈር ከተማ ያሰኙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በሩሲያ የመድፈኝነት ትምህርት የተማሩት እኒህ ሰው፣ በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አገሩን እንዲያስተዳድሩ በተሾሙ ጊዜ ከተማይቱን እንዴት እንደ ቆረቆሯት በግለ ታሪካቸው አስፍረውልናል፤ ጎዳናዎቿ በቀጥታ ተሰምረው በማዕዘን እንዲተላለፉ ያደረጉም እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ያለው የሐረር ጀጎል፣ በውስጡ ሁለት አህያ ጎን ለጎን ለማለፍ የሚፈራበት ቀጭን መንገድ ስላለው፣ ማን ይቅደም የሚለውን ክርክር አስቀድሞ በግንብ ዘግቶታል፤ ተክለ ሐዋርያት ግን እንደ ዘመናዊ ሰው ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና ወደዱ። ቀጥ ያለ ጎዳና ከቀጥ ያለ ጎዳና ጋር ከተገናኘ ደግሞ መስቀለኛ ይወለዳል፤ አንድ መስቀለኛ በተወለደ ቁጥርም አንድ ክርክር ይወለዳል። የሚገርመው፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ጽሑፋዊ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒሁ ሊቅ፣ ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ የየድርሻቸውን ሥልጣን እንዲያውቁ ብዙ ሲደክሙ፣ ለጅግጅጋ መስቀለኛ አንዲት አንቀጽ ሳይተዉ ማለፋቸው ነው። በእርግጥ በዚያ ዘመን የሚገናኙት ግመልና በቅሎ ስለ ነበሩ፣ ቢጣሉም ፓራፋንጎ የላቸውም።

በመንገድ ላይ ቀኝና ግራ ማዕረግ የተለዋወጡበት ጊዜም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ስትነዳ ኖራ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ወደ ቀኝ ተሻግራለች፤ ስዊድኖች ይህንኑ ለማድረግ የደፈሩት ከኛ በኋላ ነው። በምሥራቅ ያሉት ጎረቤቶቻችንም ኋላ በቀኝ መንዳት ጀመሩ፤ ይሁን እንጂ በሐርጌሳ የሚሽከረከረው መኪና አብዛኛው አገልግሎ በዱባይ በኩል የመጣ በመሆኑ፣ መሪው እንደ ተሠራበት እንደ ጃፓን በቀኝ ነው። ስለዚህ ከጅግጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው በቶጎጫሌ በኩል የሚመጣው ቪትዝ ወይም ፕሮቦክስ፣ ነጂውን በመንገዱ ዳር፣ ተሳፋሪውን በመንገዱ መሃል አስቀምጦ ይመጣል። ከፊቱ ያለውን ሲኖትራክ ለመቅደም ሲፈልግ ነጂው የሚያየው የሲኖትራኩን የኋላ በር ብቻ ስለሆነ፣ በግራው የተቀመጡትን ሽማግሌ ይለምናል።

«አዴር፣ እስቲ ይመልከቱልኝ፤ የሚመጣ መኪና አለ?»

«አለ።»

«ሩቅ ነው?»

«ቅርብ ነው። ግን ግባ፤ የወንድሜ ልጅ ነው፣ ይቆምልሃል።»

አዴር ማለት በሶማሊኛ አጎት ማለት ሲሆን፣ የማያውቁትን ትልቅ ሰው በዚህ መጥራት የጨዋ ደንብ ነው። የቪየና ጉባኤተኞች ብዙ ነገር አስበዋል፤ የሚመጣው ሰው የወንድም ልጅ የሆነ እንደሆነ ምን ይደረጋል የሚለውን ግን አላሰቡትም። ደግሞም መራራ ቀልድ የሚሆነው፣ ይህ በቀኝ የተቀመጠ ነጂ ወደ መስቀለኛው በደረሰ ጊዜ ከቀኝ የሚመጣውን ከማንም አስቀድሞ የሚያይ እሱ ስለሆነ፣ ስለ ቀረጡ ብዙ ባይጠየቅ የሚመርጠው መኪና የቪየናን ሕግ ከሁሉ አብልጦ የሚፈጽም ሆኖ መገኘቱ ነው።

ስለ ሕጉ ራሱም ጥቂት ማለት ይገባል፤ የሚታማው ብዙ፣ የሚነበበው ጥቂት ነውና። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ያወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ነበረ፤ የመንጃ ፈቃድ ተማሪም እስኪፈተን ድረስ ከመጋቢ መንገድ የሚወጣው በዋናው መንገድ ላለው፣ ወደ ግራ የሚታጠፈውም ከፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ ለሚመጣው እንደሚለቅ ሲሸመድድ ይከርማል። ይህ ሁሉ ዋናው መንገድ ከመጋቢው በሚለይበት አገር መልካም ነው፤ ሁለቱም አስፋልት፣ ሁለቱም ሰፊ፣ ሁለቱም በተክለ ሐዋርያት እጅ የተሰመሩ በሚመስሉበት ቦታ ግን ዋናው የቱ እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ሰፈር የተወለደ ሰው ነው፤ እሱም ዋናው የራሱ ነው ይላል። ያን ጊዜ የሚቀረው ያ ጥንታዊው ደንብ፣ ለቀኝህ ልቀቅ የሚለው ነው። ይህ ደንብ ሁለት መኪና ሲገናኙ ርቱዕ ነው፤ ሦስት ሲሆኑም በችግር ያስኬዳል፤ አራት መኪና ከአራቱ ማዕዘን በአንድ ጊዜ የደረሱ እንደሆነ ግን ለእያንዳንዱ በቀኙ አንድ ሰው አለውና፣ ሕጉ በፍጹም ልብ ከተጠበቀ አራቱም እስከ ዳግም ምጽአት ድረስ ሞተራቸውን አስነሥተው በቆሙበት ሊኖሩ ነው። በዓለም ያሉ ሕግ አዋቂዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ ከአራቱ አንዱ በትሕትና ሌላውን እንዲያሳልፍ ይመክራሉ። ይህ ጭንቅ በጅግጅጋ ደርሶ አያውቅም ብል አላጋነንሁም፤ አራቱ መኪኖች ተያይተው ሳያበቁ አምስተኛው፣ ባጃጁ፣ መሃሉን ይዞ ተገኝቷልና።

የባጃጅ ነገር ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ሦስት እግር ስላለው መኪና አይደለም፤ ጣራ ስላለው ሞተር ብስክሌትም አይደለም፤ በመሆኑም የሁለቱንም ሕግ ሳይሆን የሁለቱንም ነጻነት ይዟል። የሚናገረው በክላክሱ ነው፤ ይህንንም ክላክስ የቀድሞ መምህራን መጻሕፍትን እንደ ፈቱት በአንድምታ ካልፈቱት በስተቀር ምሥጢሩ አይገኝም። ጢጥ ሲል፣ መጣሁ ማለቱ ነው። አንድም፣ ከመጣሁ ቆይቻለሁ፣ አሁንም እያለፍሁ ነው ማለቱ ነው። አንድም፣ አንተ ከቆምህ አልቆምም፣ አንተ ካልቆምህ ግን እቆማለሁ ማለቱ ነው። አንድም፣ በዚያ ማዶ ከረጢት ይዛ ለቆመችው ሴት፣ ኤዶ (አክስቴ)፣ ገበያ ነሽ ወይ? ማለቱ ነው። አንድም፣ ውሃ በጫነው የአህያ ጋሪ ላይ የአጎቱን ልጅ አይቶ ሰላም ማለቱ ነው። አንድም፣ ፍሬኑ ስለ ደከመበት ቢስሚላህ ማለቱ ነው። ወደ መስቀለኛው የሚገባው ሌላ አሽከርካሪ ከነዚህ ትርጓሜዎች የትኛው ለዕለቱ እንደሚስማማ ለይቶ ለመረዳት ያለው ጊዜ፣ መምህራኑ ለአንዲት ሐረግ ከሰጡት ጊዜ እጅግ ያነሰ ነው። ፍሬቻ የሚባለውንም መብራት ባጃጁ አለው፤ ነገር ግን ወዴት እንደሚታጠፍ ለሰው አስቀድሞ መንገር ምሥጢርን ማውጣት ስለሚመስለው፣ ከታጠፈ በኋላ ያበራዋል።

ከዕለታት በአንዱ ረፋድ በዚያ በረንዳ ላይ ሆኜ ያየሁትን ብናገር የአገሩን ሥርዓት ከማንኛውም ሐተታ ይልቅ ይገልጠው ይመስለኛል። ከሰሜን ሚኒባስ፣ ከደቡብ ላንድ ክሩዘር፣ ከምሥራቅ የውሃ ቦቴ፣ ከምዕራብ አይሱዙ ደርሰው፣ በመካከላቸው ሦስት ባጃጆች አፍንጫ ለአፍንጫ ተጋጥመው፣ አንዱም ወደ ኋላ የሚልበት ስፍራ አጥቶ፣ ክላክሱ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። የሚኒባሱ ረዳት ከበሩ ተንጠልጥሎ «ዋርያ! ዋርያ!» እያለ ማንን እንደሚጠራ ሳይለይ ይጣራል። በዚህ መካከል ጺማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት ከእግረኛው ዳር ወረዱና፣ ግራቸውንም ቀኛቸውንም ሳያዩ፣ ግቢያቸው ውስጥ ያሉ ያህል በዝግታ ወደ መሃል ገቡ። ክላክሱ ቀጥ አለ። አዛውንቱ በላንድ ክሩዘሩና በባጃጁ መካከል ቆሙ፤ ከዘራቸውን በአይሱዙው ኮፈን ላይ ሁለት ጊዜ ቆ፣ ቆ አደረጉና በእጃቸው ወደ ኋላ እንዲመለስ አመለከቱት። አይሱዙው ተመለሰ። ሚኒባሱን «ሂድ» አሉት፤ ሄደ። ባጃጆቹን ምንም አላሏቸውም፤ ዓይን ዓይናቸውን አዩአቸው፣ እነሱም በየአቅጣጫቸው ተበተኑ። ከዚያም አዛውንቱ መንገዳቸውን ቀጥለው ማዶ ካለው ሱቅ ስኳር ገዝተው ተመለሱ። ደንብ ቁጥር 208 ያልቻለውን አንድ ከዘራ ቻለው፤ ሥልጣኑን የሰጣቸው ግን የትኛውም ቢሮ አልነበረም።

አዛውንቱ እንኳ የማያስቆሙት አንድ መኪና አለ፤ እሱም ጫት የጫነው ነው። በሐረር አጠገብ ባለችው በአወዳይ የታሰረው ጫት ትኩስነቱ ሳይጠፋ መድረስ ስላለበት፣ «አልቃይዳ» እየተባለ የሚጠራው አይሱዙ በባቢሌ አልፎ፣ የዳካታን ሸለቆ ድንጋዮች ሳይመለከት፣ ፋፈንን ተሻግሮ፣ የካራማራን ዳገት ወጥቶ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ ከጅግጅጋም የሚተርፈው ወደ ቶጎጫሌና ከድንበሩ ባሻገር ያልፋል። ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ የዚህ መኪና ድምፅ በተሰማ ጊዜ፣ ለቀኙም ለግራውም ለፖሊሱም ያልለቀቀው አሽከርካሪ ሁሉ ዳር ይይዛል። አምቡላንስ ሲያልፍ መንገድ የሚለቅ ሰው ሕግን ፈርቶ ወይም ለታመመው አዝኖ ነው፤ ጫት ሲያልፍ የሚለቀው ግን በፍጹም ፈቃዱና በሐሤት ስለሆነ፣ በጅግጅጋ ስለ ቅድሚያ መስጠት ትምህርት የሚሻ አሽከርካሪ ማሠልጠኛ ተማሪዎቹን በዚህ ሰዓት አውጥቶ ቢያሳያቸው ይጠቅመዋል።

ግመልም አለ። ከከተማው ወጣ እንዳሉ በሜዳው ላይ መቶ ግመል አስፋልቱን ሲያቋርጥ የትኛውም ክላክስ ርምጃውን አያፈጥነውም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጋቢናው ውስጥ ያለውን ሰው ከላይ ወደ ታች ያያል፣ ያልፋል። ነጂውም ይታገሣል፤ የሚታገሠውም ለእንስሳው አዝኖ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር በመኪና የተገጨች ግመል ሁሉ፣ ምስክር በተሰማ ጊዜ፣ ታላቢ ሆና ትገኛለች፤ ታላቢም ብቻ ሳትሆን እርጉዝ፤ እርጉዝም ብቻ ሳትሆን ከዚያ በፊት ሴት ብቻ የወለደች። ካሣው የሚቆጠረው ከሬሳው ሳይሆን ከትውልዱ ነው። የኢንሹራንስ ሠራተኛ ይህን ሒሳብ ሲሰማ ብዕሩን ይከድናል፤ ነጂው ግን ወደ ሽማግሎቹ ይሄዳል፣ ሽማግሎቹም ትውልዱን ቀስ በቀስ ወደ ሁለት ወደ ሦስት አውርደው፣ በመጨረሻ ሰው በሚከፍለው ዋጋ ላይ ያስታርቃሉ። ሔር የሚሉት ይህ ነው፤ ለግመል ብቻም ሳይሆን ለተላጠ ፓራፋንጎም ይሠራል። ሁለት መኪኖች በመስቀለኛው የተነካኩ እንደሆነ ትራፊክ ፖሊሱ ከመድረሱ በፊት ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ዋሱ ተጠርቶ፣ ፍርዱ ይፈጸማል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ጉባኤው የሚቀመጠው እዚያው መስቀለኛው መሃል ስለሆነ፣ ስለ መንገድ የተጀመረው ክርክር እስኪያልቅ መንገድ የሚባል ነገር የለም።

ሐንስ ሞንደርማን የሚባል ሆላንዳዊ የመንገድ መሐንዲስ፣ ድራክተን በምትባል ከተማ ያለውን ትልቅ መስቀለኛ መብራቱን ነቅሎ፣ ምልክቱን አንሥቶ፣ ነጂና እግረኛ ዓይን ለዓይን እየተያዩ እንዲተላለፉ ቢያደርግ ብዙ ሕዝብ ከሩቅ እየመጣ ያደንቀው ነበር ይባላል። የሰውየውን ጥበብ አልነቅፍም። ነገር ግን መብራት ለመንቀል አስቀድሞ መብራት መትከል፣ ለመብራቱም ገንዘብ ማውጣት ነበረበት፤ ይህ የጅግጅጋ መስቀለኛ ግን ይህን ወጪ ሳይጠይቅ በዚያው ደረጃ ላይ ይገኛል። ደግሞም ዓይን ለዓይን መተያየት በቂ ነው የሚለውን ትምህርት ያለ ቅሬታ እንዳልቀበል የሚያደርገኝ፣ ከቀትር በኋላ የሚሆነው ነገር ነው።

ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ከተማይቱ ወደ በርጫ፣ ማለት ወደ ጫት መቃሚያው ጉባኤ፣ ትገባለች። ሱቅ ይዘጋል፣ ባለሥልጣንና ባለጋሪ በየምንጣፉ ላይ ጋደም ይላሉ፣ ጎዳናውም ለውሻና ለፍየል ይቀራል። በዚህ ሰዓት የሚሠራ ባጃጅ ችኮላ የሌለው ባጃጅ ነው፤ ረፋድ ላይ ለአባቱ የማይለቀው ልጅ አሁን ጨዋ ሆኗል። እንደዚህ ባለ ሰዓት ሁለት ባጃጆች፣ አንዱ ከሚካኤል ወገን አንዱ ከገበያው ወገን፣ በባዶው መስቀለኛ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም ቆሙ። አንዱ በእጁ «ሂድ» አለ። ሌላው ደረቱን ይዞ «የለም፣ አንተ ሂድ» አለ። ፊተኛው ሳቀ፤ «ወላሂ፣ አንተ ትቀድማለህ» አለ። ኋለኛው «በአላህ፣ አይሆንም» ብሎ ማለ። በመሐላ የተያዘ ነገር ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባባሉ። ከዚያ እያንዳንዱ የሌላው መሐላ እንዳይፈርስ ብሎ በአንድ ቅጽበት ጋዝ ሰጠና፣ መሃል ላይ ተገናኝተው፣ የአንዱ የፊት መብራት በሌላው በር ውስጥ ገባ።

ወረዱ፤ ጉዳቱን ተመለከቱ። ሽማግሎቹ ሁሉ በርጫ ላይ ስለሆኑ እስከ አስር የሚዳኝ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። መጀመሪያ የተናገረው መብራቱ የተሰበረበት ነው።

«ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ወላል። ማን ቅደም አለህ?»

«አንተ ነህ እንጂ ቅደም ያልኸኝ!»

«እኔማ ቅደም አልሁህ፤ አንተ ግን እንቢ ብለህ ምለህ አልነበረም?»